የጓሮ ተከራያችን ኦቦ

ዝናብ የነካው የቆየ ሸምበቆ ሽታው ለብቻው ነው። የገለባም አይደለም፣ የእንጨትም አይደለም፤ ጠጋ ብሎ ላሸተተው ሰው አፍ ውስጥ የቆየ ነገር ይመስላል። ባለፈው ግንቦት ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ቢቸና ሄጄ ሳለ ያልታሰበ ዝናብ ጣለና ከአንድ ግቢ አጥር ሥር ተጠለልኩ። አጥሩ ሸምበቆ ነበር። ሽታው ሲመታኝ ሰርጉም ዝናቡም ከሐሳቤ ወጡና አራተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት፣ ወደዚያ ኅዳርና ታኅሣሥ ተመለስኩ። ሌላው ሰው የልጅነቱን ነገር ሲያነሳ ፊቱ ይፈካል። እኔ ይህን ሳስታውስ ጀርባዬ ይቀዘቅዛል፤ ቢሆንም ልናገረው።

ያን ዓመት አባዬ ሁመራ ወርዶ ነበር። ያኔ ብዙ የቢቸናና የሞጣ ወንድ መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ይወርድና ለገና ይመለሳል። የተመለሰው ለሚስቱ ሻሽ፣ ለልጆቹ ሸራ ጫማ ይዞ ይመጣል። ያልተመለሰውን ወባ በላው ይባላል። አባዬ፣ ስሙ ካሴ ነው፣ ከዚያ በፊትም ሄዶ በደህና ገብቷል። እማዬ ግን እሱ ከሄደ ጀምሮ እህል ስትለቅም እንኳ ጆሮዋ በር ላይ ነበር። ሌላ ልጅ የላትም፤ በቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ቀረን።

የወንድ ድምፅ በግቢው እንዲሰማ ብላ ይመስለኛል፣ የጓሮዋን ክፍል ለአዲሱ የሳይንስ አስተማሪ አከራየች። ጋሽ ኤልያስ የሐረር ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰላም ሲሉ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቁ የሚመስሉ ሰው። አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ይነፉ እንደነበርና ከአለቃቸው ጋር ተቀያይመው ወደ እኛ አገር እንደተላኩ ይወራ ነበር። እኛ ዘንድ መመደብ ለአንዳንዱ መምህር ቅጣት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ የሚመስለኝ ቢቸናን አይተው፣ ወደው፣ መርጠው የመጡ ነበር።

ዕቃቸው ሲገባ አንዲት ጥቁር ሳጥን ማንም እንዲይዛት አልፈቀዱም። እኔ ደግሞ አትንኪ የተባልኩትን ነገር ሳላይ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን በራቸው ገርበብ ብሎ ሳለ አንገቴን አሰገግኩ። ሳጥኗ ተከፍታ ቀይ ከፋይ ላይ ሦስት ቦታ የተቆራረጠ ጥቁር ነገር ተኝቷል። በላዩ ላይ ጣት የሚመስሉ የብር ነገሮች ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ደግሞ ጫፏ የሳሳ፣ ወገቧ በቀይ ክር የታሰረ ትንሽ ነገር ቆማለች። ሰው ገድለው የቆራረጡ መሰለኝ።

“ጋሽ ኤልያስ፣ የማን ምላስ ነው?” አልኳቸው፣ ከኋላዬ መምጣታቸውን ሳይ መሸሽ አቅቶኝ።

አልሳቁም። “የዚህ ነው” አሉና ወደ ሳጥኗ አመለከቱኝ። “ሲደርቅ አይናገርም። ስለዚህ አስቀድሜ በውሃ አርሰዋለሁ።”

ከዚያ የተቆራረጠውን አንድ በአንድ ገጣጠሙት። ኦቦ የሚባል የፈረንጅ የትንፋሽ ሙዚቃ መሣሪያ እንደሆነ፣ ምላስ ያልኩትም ከሸምበቆ እንደሚቀረጽ ነገሩኝ። ብርጭቆው ውስጥ ያለውን አውጥተው ጫፉ ላይ ሰኩና ነፉ። በአንገታቸው ላይ ሥር ተገተረ፣ ፊታቸው ቀላ፤ ከዚያ ከቀጭን ሰውነታቸው ውስጥ የሴት ድምፅ ወጣ። በአፍንጫዋ የምታለቅስ፣ ገና ለቅሶዋን ያልጨረሰች ሴት ድምፅ። ሸሽቼ እማዬ ቀሚስ ሥር ገባሁ።

እያደር ለመድኩት። የሚጫወቱት የፈረንጅ ድርሰት ነው፤ የጻፈው ሰውዬ ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ያልፈዋል፣ ለኦቦ ብሎ የጻፈው ነው አሉኝ። ሁልጊዜ የሚመላለሱበት አንድ ዝግ ያለ ዜማ ነበራቸው። እኔን የሚያስፈራኝ ዜማው አልነበረም፣ ዝምታው ነው። መሐል ላይ ድንገት ያቆማሉ፤ ግን አልጨረሱም። ኦቦውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በእግራቸው መሬቱን ቀስ እያሉ እየመቱ፣ ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ባዶውን ግድግዳ ያዳምጣሉ። አንዳንዴ የሰማው ነገር ደስ እንዳሰኘው ሰው ፈገግ ይላሉ። ከዚያ ተራቸው የደረሰ ያህል እንደገና ይነፋሉ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ማንም የለም። ቢሆንም አንድ የሚመልስላቸው እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ።

እስከ ኅዳር ድረስ የሚነፉት ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሲንጫጫ ነበርና ከአጥር ያለፈ ሰው አልሰማውም። ኅዳር ላይ የከሰዓት ትምህርት ተጨመረባቸውና ማለዳ መንፋት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ማለዳ ናት ጉድ ያመጣችው።

ጎሕ ሲቀድ ነው። ጉም ከጓሮ እስከ መንገድ ሞልቷል። እማዬ ላሟን ታልባለች፣ እኔ ጥጃዋን ይዣለሁ። የኦቦው ድምፅ ከጓሮ ተነሳ። “ጀመሩ” አለችኝ እማዬ ቀና ሳትል። ድምፁ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ፣ እንደገና ተነሳ። ጥቂት ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ሌላ ለቅሶ መለሰለት። ይኼኛው የሰው ነበር። ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሴቶች፣ ፊት ፊት ጎረቤታችን እትዬ ጠጄ፣ ደረታቸውን እየደቁ በበራችን ገቡ። “ወንድሜ ካሴ፣ ካሴ ወንድሜ” ይላሉ።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ሽማግሌ ይሰበሰብና ጎሕ ሳይቀድ በር ይመታል። ስለዚህ በማለዳ፣ ባሏ ሁመራ ከወረደ ሴት ግቢ፣ የሴት ለቅሶ የሰማ ሰው መርዶ መግባቱን አይጠራጠርም። ሰምቶ የተኛ ደግሞ ሰው አይባልም። እማዬ በበኩሏ ያየችው የተዘቀዘቀ ነጠላ ነው። መርዶውን ሊነግሩኝ መጡ አለች። የወተቱ ቅል ከእጇ ወደቀ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ነጨችው፣ ደሟ ወረደ። እነሱ የእሷን ደም ሲያዩ የሰሙት እውነት ሆነ። እሷ የእነሱን እንባ ስታይ የፈራችው እውነት ሆነ። እንዲህ ባለ ሰዓት ደግሞ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ፀሐይ ስትወጣ ግቢው ሞልቶ ነበር። ንፍሮ ተጣደ፣ የድንኳን እንጨት መጣ። ጋሽ ኤልያስ ጩኸቱን ሲሰሙ መንፋታቸውን ትተው ወጡ፤ ያለውን ነገር አዩ፤ ተመልሰው ኮታቸውን ለበሱና መጥተው ከወንዶቹ ጎን ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። “እግዜር ያጥናሽ” አሏት እማዬን። እኔን ራሴን ዳበስ አድርገው አለቀሱ። አባዬን አይተውት አያውቁም። ከራሳቸው ኦቦ የተነሳ ለቅሶ ላይ እስከ ቀትር ተቀምጠው ዘመዱን አፈር እንደበላበት ሰው አንገታቸውን ደፉ።

ነገሩን ያወጡት አያ ቢተው ናቸው፣ የሰፈራችን ሽማግሌ። መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርምና ከማለዳው ጀምሮ ቅር ብሏቸው ዝም ብለው ነበር። ቀትር ላይ ግን አልቻሉም።

“ለመሆኑ መርዶውን ማነው ያረዳት? እኔ ሳልጠራ የገባ መርዶ ዛሬ ገና አየሁ” አሉ።

ሁሉም ወደ ጎኑ ተመለከተ። “እኔ ለቅሶዋን ሰምቼ ነው የመጣሁ” አሉ እትዬ ጠጄ።

እማዬ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። “እኔ አላለቀስኩም። እናንተን ሳይ ነው የጀመርኩት።”

“እንዴት አላለቀስሽም? ከጓሮ በኩል በጆሮዬ ሰማሁሽ እኮ።”

አንዳንዷ ሴት አማተበች። ከጓሮ ያለቀሰችው ማን እንደሆነች መጀመሪያ የገባው ለእኔ ነበር፤ “የጋሽ ኤልያስ ኦቦ ናት” አልኩ። የጋሽ ኤልያስ ፊት አመድ መሰለ። ሄደው አመጡትና በሰው ሁሉ ፊት አንዲት መስመር ነፉ። ነገሩን ለማስረዳት ነበር። አሮጊቶቹ ግን የሚነፋውን በዓይናቸው እያዩ እንባቸው ወረደ፤ አንዷማ ደረቷን መምታት ጀምራ ሰው እጇን ያዛት።

ሰው ንፍሮውን ሳይቀምስ ተበተነ። ካሴ አልሞተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተባለ። የተለቀሰው ለቅሶ ግን የት ይሂድ? እማዬ ፊት ላይ የጥፍሯ መንገድ ቀረ። ወንዝ ስትወርድ የሚያውቃት ዓይኑን ወደ መሬት ያደርጋል፤ የማያውቃት “ነፍስ ይማር” ይላታል። የአባዬን ስም ማንም አያነሳም። ሞተ እንዳይሉ አልሞተም፣ አለ እንዳይሉ ተለቅሶለታል። እኔ በልጅ አእምሮዬ አባዬ ሁመራና መቃብር መካከል ባለ መንገድ ላይ የቆመ፣ ወደየት እንደሚዞር ያልነገሩት ሰው ይመስለኝ ጀመር።

አንዳንዶች ሰውዬው ከነመሣሪያቸው ይውጡ አሉ። ጋሽ ኤልያስም ኦቦውን ዘግተው አልጋ ሥር ከተቱት። ጓሮው ጸጥ አለ። በዚህ ጊዜ ነው እማዬ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ ሳለሁ፣ በራቸውን ያንኳኳችው።

“ለምን ተውት?” አለቻቸው።

“እትዬ እታገኝ፣ እንዴት ብዬ ልንፋ? ቤትዎን አፈረስኩት እኮ።”

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሲነፉ መሐል ላይ ዝም ይላሉ፣ በእግርዎ መሬት እየመቱ። ያኔ ማንን ነው እሚያዳምጡት?”

“ሌሎቹን ነው። ይህ ድርሰት ለብቻ የሚነፋ አይደለም። አዲስ አበባ ሳለሁ ብዙ ሆነን ነበር የምንጫወተው። የእነሱ ተራ ሲደርስ እኔ ዝም እላለሁ።”

“እነሱ ግን እዚህ የሉም።”

“የሉም። ቢሆንም ያሉ ያህል ቆጥሬ ቦታቸውን እጠብቅላቸዋለሁ። ካልጠበቅኩላቸው ዜማው ይፈርሳል።”

እማዬ ይህን ከሰማች በኋላ የበሩን መቃን ያዘች። “እንግዲያው ይንፉ” አለች። “ይኼ የሐሰት ለቅሶ ነው። የሐሰት መሆኑን አገሩ ሁሉ አውቋል። ኦቦው እስካለቀሰ ድረስ እኔ አላለቅስም። የካሴም ቦታ ይጠበቅለት።”

በሚቀጥለው ማለዳ ኦቦው አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ እንጀራችንም ውሃችንም ያ ድምፅ ሆነ ብል አላጋነንኩም። እማዬ ጎሕ ሲቀድ እንዝርቷን ይዛ ከጓሮው ግድግዳ ሥር ትቆማለች። ዜማው ሲሄድ ትፈትላለች፣ ሲቆም እንዝርቷን ታቆማለች። ዝምታው ባለፈ ቁጥር ትንፋሽዋን ስትለቅ እሰማታለሁ። ኦቦው የቆመ ቀን አባዬ እንደሚሞት በልቧ ጽፋዋለች፤ ሳትነግረኝም አውቄዋለሁ፣ እኔም አምኜዋለሁ።

ስለዚህ የኅዳር ደረቅ ነፋስ የኦቦውን ምላስ የሰነጠቀው ዕለት በቤታችን የሆነውን ድንጋጤ መገመት ነው። መለዋወጫው አልቋል። ከአዲስ አበባ ይምጣ ቢባል መቼ ሊደርስ? እማዬ ምንም ሳትናገር ወጥታ አባዬ በእጁ ካጠረው አጥር ላይ አንድ የደረቀ ሸምበቆ ነቅላ አመጣች። ጋሽ ኤልያስ በምላጭ ሲፍቁት ብዙ አበላሹ፣ እሷ እየነቀለች አቀበለቻቸው፣ በአጥራችን ላይ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፈተ። በመጨረሻ አንዱ ሰመረ። ክር ሲያጡ ከምትፈትለው ሰጠቻቸው። በውሃ ሲያርሱት ክፍሉን ያ የዝናብ ሸምበቆ ሽታ ሞላው።

የእኛ አጥር ሸምበቆ እንደ ፈረንጁ ጥሩ አይደለም አሉ። ድምፁ ሻከር አለ፣ ወፈር አለ፤ መጨረሻው ላይ እንደ መንሰቅሰቅ ያለ ነገር ጨመረ። በፊት የባዕድ አገር ሴት ነበረች፣ አሁን የእኛ አገር ሴት ሆነች። እውነቱን ለመናገር የእማዬን ድምፅ መሰለች። ጋሽ ኤልያስ ራሳቸው አንዴ ከነፉ በኋላ ከአፋቸው አውጥተው ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱት አይቻለሁ።

በዚያው ሰሞን እኔ በዝምታው መሐል መስማት ጀመርኩ። እሳቸው ቆመው በእግራቸው ሲቆጥሩ ከአጥሩ ቀዳዳ በኩል ሳል ይመጣል። የአባዬ ሳል፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚያሰማው። ሮጬ ሳይ ጉም ብቻ ነው። ለእማዬ ስነግራት አልተቆጣችኝም። “በየትኛው ዝምታ ላይ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። ረዥሙ ላይ አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በረዥሙ ዝምታ ላይ ፊቷን ወደ ቀዳዳው ታዞራለች። አንዲት ሴትና ልጇ ጉም ሲያዩ የሚያይ ሰው ቢኖር አብደዋል ይል ነበር።

ሰፈሩም ለመደው። መጀመሪያ ያማትቡ የነበሩት ቀስ በቀስ ሰዓታቸው አደረጉት። እትዬ ጠጄ “ያ ነገር ሲያለቅስ ነው እኔስ እምነሳ፣ ዶሮም አላስፈለገኝ” ብለው ይስቁ ጀመር። ታኅሣሥ ሲገባ ከእኛ ግቢ ለቅሶ ቢሰማ ቀና የሚል አልነበረም።

የገና ጾም ሊገባደድ ሲል ጋሽ ኤልያስ ከንፈራቸው በብርድ ተሰነጠቀ። ማምሻውን መጥተው “ነገ ብቻ ልረፍ፣ ከንፈሬ እየደማ ነው” አሏት። እማዬ እሺ አለች፣ ግን እስኪነጋ ስትገላበጥ ሰማኋት። በማለዳ ጸጥታው ቤቱን ሲሞላው መቀመጥ አቃታት፤ እንስራዋን አነሳችና ወደ ምንጭ ወጣን።

ከምንጩ መልስ ከሞጣ በሚያመጣው መንገድ አንድ መንገደኛ ከጉሙ ወጣ። እግሩ አብጧል፣ ዓይኑ ቢጫ ነው፣ ትከሻው ላይ ጋቢ ጣል አድርጓል።

“እንዴት አደራችሁ” አለ። “ይኼ የካሴ ሰፈር ነው?”

“ነው” አለች እማዬ።

“አያ ቢተው እሚባሉ ሽማግሌ አሉ ብለውኛል። ቤታቸውን ብታሳዪኝ። ሚስቱ ሳታየኝ ነው መድረስ ያለብኝ።”

እማዬ ጋቢውን ታያለች። ጫፉ ላይ ተቀዶ የተሰፋ ቦታ አለ፤ የራሷ ስፌት ነው። እኔም አወቅሁት፣ ልቤም በደስታ ዘለለ። የአባዬ ጋቢ ከመጣ አባዬ ከኋላ እየመጣ ነዋ። ከሰውየው ጀርባ ያለውን ጉም በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

“ያ ከዋርካው በታች ያለው ባለ ቆርቆሮው ነው” አለች እማዬ በተረጋጋ ድምፅ። “አሁን ቤተ ክርስቲያን ይሆናሉ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠህ ጠብቃቸው።”

“እግዜር ይስጥሽ እኅቴ” ብሎ ሄደ።

“እማዬ፣ አባዬ ከኋላ ነው?” አልኳት። እንስራዋን ሳታንጋድድ፣ ውሃዋን ሳታፈስ ቤት ድረስ ተሸክማ መጣች፤ በጥንቃቄ ቦታው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ግቢው መሐል ቆመችና ጮኸች።

ልክ እንደ ኦቦው ነበር። ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ፣ እንደገና ተነሳ። እኔ ያኔ ገባኝ። ገብቶኝም ወደ በር ሮጥኩ፣ ሰው ሲመጣ ለማየት። ማንም አልመጣም። ጢስ ከየጣሪያው ይወጣል፣ አንድ ሰው በቅሎውን እየጫነ ያፏጫል። እትዬ ጠጄ አመድ ሊደፉ ወጡ። ቆም ብለው ጆሯቸውን ጣል አደረጉና በአጥር ላይ ወደ እኔ ሳቅ አሉ። “ዛሬስ አሳምረውታል፣ ልክ እንደ ሰው ነው ያስለቀሱት” አሉኝና ተመለሱ። ልናገር አፌን ስከፍት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። የሰው ልጅ ያን ያህል ብቻውን ሲሆን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። የእማዬ ለቅሶ በሰፈሩ ላይ ያልፋል፣ ሰፈሩ የዕለት ሥራውን ይጀምራል።

የጓሮው በር ተከፈተ። ጋሽ ኤልያስ በባዶ እግራቸው፣ በሸሚዝ ብቻ ወጡ፣ ከንፈራቸው ላይ ደም ደርቋል። እማዬን አዩ፣ ባዶውን በር አዩ፣ እኔን አዩ። ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ተመልሰው ሳጥኗን ብብታቸው ሥር ይዘው ወጡና በአጠገቤ ሮጠው አለፉ። ተከተልኳቸው።

እትዬ ጠጄ ደጃፍ ላይ ሳጥኗን መሬት አስቀምጠው ከፈቱ። ኦቦው ሦስት ቦታ ተነጣጥሎ ከፋዩ ላይ ተኝቷል።

“እትዬ ጠጄ” አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። “እኔ አይደለሁም።”

እትዬ ጠጄ ሳጥኗን አዩ። ከእኛ ግቢ ድምፁ እንደገና ተነሳ። ጋሽ ኤልያስ ሳጥኗን እንደተከፈተች አንስተው ወደሚቀጥለው በር ሲሮጡ፣ እትዬ ጠጄ ነጠላቸውን ሊዘቀዝቁ እጃቸው ጥለቱን ደጋግሞ ያጣው ነበር።